ሊቀ ቅጠል ዶን ዋልዴማር እና የዶኛ ኔሊዳ ባልዲ

በዳገቱ ላይና በዳገቱ ሥር የምትኖሩ፣ በጓሯችሁ አንዲት የካናቢስ ተክል ያለቻችሁም ሆናችሁ ሕጉ የፈቀደውን ስድስቱን የሞላችሁ፣ የምታጨሱም፣ ለወገብ ሕመም ብቻ ነው እያላችሁ የምትምሉም፣ ሁላችሁም ይህን ዕወቁ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ፣ ጫማው ሠላሳ ስምንት ቁጥር የሆነው፣ በከተማ አውቶቡስ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቲኬት የቆረጠው ጡረተኛ ዋልዴማር ፒሪስ፣ የቅጠል ሁሉ አለቃ፣ የሥር መርማሪ፣ የናይትሮጅን ጠበቃ፣ በሰው አጥር ላይ የመንጠላጠል ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ ከዛሬ ጀምሮ «ሊቀ ቅጠል» ተብሎ እንዲጠራ አንድ አባል ባለው ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አባሉ እኔ ነኝ። ተቃውሞ ያለው ይቅረብ፤ ሊቀ ቅጠል ራሱ መጥቶ ስለ ቢጫ ቅጠል ሦስት ሰዓት ያስረዳዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ጎዳና ምድር ላይ የለም። አንዱ ሰፈር የሰው ትዳር የሚፈታና የሚቋጥር አለው፤ ሌላው የመኪና ድምፅ በሩቅ ሰምቶ ሞተሩ ላይ የሚፈርድ አለው። እኛ ከሞንቴቪዴዮ ወደብ ማዶ፣ ሴሮ በሚባለው ኮረብታ ላይ የምንኖር፣ ድሮ ሁላችንም የእግር ኳስ አሠልጣኞች ነበርን። ካናቢስን በጓሮ ማሳደግ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ሁላችንም የአፈር ሐኪሞች ሆነናል። ቅጠሉ ቢጫ የሆነበት አንድ ሰው ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ግን አርባ ናቸው። ከአርባዎቹ ሠላሳ ዘጠኙ ይገምታሉ። አርባኛው ይፈርዳል። አርባኛው ዋልዴማር ነው።

ሊቀ ቅጠል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ከታች ነው ወይስ ከላይ የጀመረው?» ይላል፣ ገና ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ።

«ደኅና ዋልክ፣ ዶን ዋልዴማር።»

«ደኅናውን ተወው። ቢጫው ከታች ነው ከላይ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። የተራበች ተክል ከአሮጌው ቅጠሏ ወስዳ አዲሱን ታበላለች። ስለዚህ ናይትሮጅን ወይም ማግኒዥየም ሲጎድላት ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት ሲጎድላት ግን ከአሮጌው መበደር አትችልም፤ ቢጫው ከጫፍ፣ ከለጋው ይጀምራል። የቲኬት ቆራጭ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው ማንም አያውቅም። እሱ እንደሚለው ከቅጠሉ ከራሱ ነው የተማረው። «ቅጠል አይዋሽም» ይላል። «ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ይዋሻል፣ ቅጠል አይዋሽም።» ወረቀት ሲል ወደ እኔ ያያል።

ወደ እኔ የሚያየው በምክንያት ነው። በወጣትነቴ ለቄራ ሠራተኞች ማኅበር በራሪ ወረቀት እጽፍ ነበር። በስድስት መስመር አንድ ሥራ አስኪያጅ አዋርዶ ለመሸኘት የሚያህለኝ አልነበረም። ቄራዎቹ ከተዘጉ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ምላሴ ግን ጡረታ አልወጣም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ወረቀቱ» ይለኛል። ክርስትና ስሜን የሚያውቁት ሚስቴና የውሃ ክፍያ ቢሮ ብቻ ናቸው።

የሊቀ ቅጠል ሀብት ሦስት ነው። አንገቱ ላይ በጫማ ክር የታሰረች አጉሊ መነጽር አለችው፤ ሰዓት ሠሪ ከነበረው አማቱ የወረሳት ናት። በግራ ብብቱ ሥር የሙቅ ውሃ ፔርሙዙ አለ። በቀኝ እጁ ማቴ የሚባለውን፣ እንደ ሻይ በሙቅ ውሃ የሚጠጣ ቅጠል የያዘው ቅሉ አለ፤ ከተፈጨው ቅጠል መሐል የብረት መምጠጫው ብቅ ብሎ። በዚህ አገር ሰው የሚወለደው በሁለት እጅ ነው፤ ሲያድግ ግን አንዱ ብብት ለፔርሙዝ፣ አንዱ እጅ ለቅል ይሆንና ለሥራ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ዋልዴማር ቅጠል ሊመረምር ሲል «ያዝልኝ» ብሎ ቅሉን ለባለቤቱ ያስይዛል። ማቴው ጣዕሙ ሲያልቅ አጠገቡ ባለው አፈር ላይ ገልብጦ፣ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ፣ አዲስ ይሞላል። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ልዩነቱ ሰፈሩ የሚጠጣው እንደ ዱቄት የላመውን ማቴ ሲሆን፣ እኔ ሆዴን ስለሚያመኝ ከወንዙ ማዶ፣ ከአርጀንቲና የሚመጣውን እንጨት እንጨት ያለውን መጠጣቴ ነው። «ወረቀቱ መጥረጊያ እየቀቀለ ይጠጣል» ይሉኛል። በመንገዱ ሁሉ እንጨት የምጠጣ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን እንዳትረሱት።

የዚህን ሰው ጀብዱ ልቁጠርላችሁ። የዳቦ ጋጋሪው የኦሬስቴስ እናት ባረፉ ጊዜ ሰው ሁሉ ሬሣውን ከቦ ቆሟል። ዋልዴማር ከአበባ ጉንጉኑ ፊት ቆሞ መነጽሩን አወጣ።

«ማግኒዥየም» አለ በሐዘን።

«ዶን ዋልዴማር፣ እናቴ እኮ ናት የሞተችው» አለው ኦሬስቴስ።

«እሳቸውስ ዐርፈዋል። ይቺ ግን እየተሠቃየች ነው።»

በጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ደግሞ ጥግ ላይ የቆመችውን ተክል ቅጠል በቅጠል መረመረና ለጸሐፊዋ፣ «የሚንከባከባትን ሰው እጁን ሳሚልኝ። አንድ ጉድለት አላገኘሁባትም» አላት። ተክሏ የፕላስቲክ ነበረች። ይህ ወሬ ከጥርስ ሐኪሙ እስከ አውቶቡስ መነሻው ድረስ በአንድ ከሰዓት ደረሰ። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ወሬው ወደ እሱ ሲመለስለት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታዲያ ተሳሳትኩ? ጉድለት አላት?»

በእኔም ላይ ደርሶብኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ተክሌ ቅጠሏ ከመጥቆሩ የተነሣ ሰማያዊ ሊሆን ደርሶ፣ ጫፎቹ እንደ ጭልፊት ጥፍር ወደ ታች ታጥፈው ነበር። እኔ ይህን ጥንካሬ ብዬ ለመንገደኛ አሳያለሁ።

«ምን አብልተሃት ነው?» አለኝ ከአጥሩ ላይ።

«ያልሰጠኋት ነገር የለም። የፈረስ ፋንድያ፣ ዓሣ የታጠበበት ውሃ፣ ከሱቅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ።»

«አንተ ወረቀቱ፣ ተክል ነው ወይስ የምርጫ ዕጩ ነው የምታደልበው? ጥጋብ ነው የያዛት። አሥር ቀን ውሃ ብቻ። ባዶ ውሃ። ልብህ ከራራ ከቤት ውጣ።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ቅጠሎቿ ተዘረጉ። እሱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ አያት፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ሰው ስድብ ይረሳል፤ ስህተቱን ፈልጎ ያገኘበትን ግን አይረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ስጠብቅ ኖርኩ፤ ሊቀ ቅጠል በሰው ሁሉ ፊት የሚሳሳትበትን ቀን።

ቀኑ የመጣው ባለፈው በጋ ነው፤ በዶኛ ኔሊዳ ጓሮ።

ዶኛ ኔሊዳ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ለሰፈራችን የካርኒቫል ዘፋኞች፣ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው መድረክ ላይ ሹማምንትን በዜማ ለሚሰድቡት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ አሥራ ሰባት ልብስ፤ ከነባርኔጣው፣ ከነዘርፉ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ እንደ ለውዝ ቅርፊት አብጧል። ሰኔና ሐምሌ የባሕሩ ነፋስ ዳገቱን ሲወጣ እጃቸው እንደ ዶሮ እግር ይቆለፋል፤ አባባሉ የራሳቸው ነው። የሚፈታላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የካናቢስ አበባ በዘይት አሙቀው፣ በንብ ሰም አርግተው የሚሠሩት ቅባት። ለዚህም በአሮጌ የቀለም ባልዲ አንዲት ተክል ያሳድጋሉ። «ልጅቷ» ይሏታል። ዘሯ ከሟች እኅታቸው የመጣ ነው፤ የሌላው ዓይነት ቅባት ለእጃቸው ጠብ አይልላቸውም።

«እኛ ዘንድ ሞልቶ የለም ወይ፣ ዶኛ ኔሊዳ» ብዬ ነበር አንድ ጊዜ። «ከሁላችንም ትንሽ ትንሽ ቢወስዱ ምናለበት?»

«የለመኑት መድኃኒት እስከ ሰጪው በር ድረስ ነው የሚሠራው» አሉኝ። «እጄ የእኔ ነው። ቅባቱም የእኔ ይሁን።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ልጅቷ ካላበበች ቅባት የለም። ቅባት ከሌለ ክረምቱን እጅ የለም። እጅ ከሌለ ካርኒቫል ሲመጣ አሥራ ሰባት ሰዎች በውስጥ ሱሪ ይዘምራሉ።

በየካቲት መጀመሪያ የልጅቷ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ቅሉን ይዞ እዚያ ጓሮ የሚመላለሰው ሊቀ ቅጠል ሳይጠሩት መጣ፤ መቼ ተጠርቶ ያውቃል። ቅሉን ለዶኛ ኔሊዳ አስይዞ መነጽሩን አወጣ። «ከታች ነው የጀመረው። ናይትሮጅን። ርቧታል» ብሎ የዶሮ ኩስ በውሃ በጥብጠው እንዲያጠጧት አዘዘ። ማቴውን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ቅሉን ገለበጠ፣ ሄደ።

በሳምንቱ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ በመሐል በመሐሉ ገረጣ። «ማግኒዥየም» አለ፤ ከፋርማሲ ያንን ለሆድ ማጠቢያ የሚሸጠውን መራራ ጨው አዘዘ። በሦስተኛው ሳምንት የቅጠሉ ዳር እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆነ። «ፖታሲየም» አለ፤ የሙዝ ልጣጭ አዘዘ። በአራተኛው ሳምንት ከአናቷ የወጣው ለጋ ቅጠል ነጣ። ዋልዴማር ረጅም ጊዜ አየውና «ብረት» አለ፣ ግን ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም። ዶኛ ኔሊዳ የዛገ ሚስማር በውሃ ዘፈዘፉ።

«ቅጠል አይዋሽም» አልኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲያመው።

«አይዋሽም።»

«ይህችኛዋ ግን በየሳምንቱ ቃሏን ትለውጣለች። ወይ ቅጠሏ ውሸታም ናት፣ ወይ አንባቢዋ ፊደል አልቆጠረም።»

መነጽሩን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ዋልዴማር መልስ ሲያጣ ማየት የካርኒቫል ዋንጫ ከመብላት ይበልጣል። ማምሻውን ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ተረኩላት።

እስከዚያ ድረስ ጎዳናው ሁሉ ሕመምተኛዋን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። የታመመ ጎረቤት ሲኖር እንደሚደረገው ነው፤ ከሥራ ሲመለሱ በዶኛ ኔሊዳ ጓሮ በኩል ማለፍ፣ ባልዲው ዙሪያ መቆም፣ ራስ መነቅነቅ፣ «አይዞሽ፣ ልጅቷ» ማለት። ኦሬስቴስ ይመጣል፤ አንዳንዴ ሚስቱም ትመጣለች። እኔም እመጣለሁ። ሁላችንም ቅላችንን ይዘን።

በአምስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት ሲገባ፣ ዶኛ ኔሊዳ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተናገሩ።

«እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቀና ካላለች እነቅላታለሁ። ፊቴ ቆሞ የሚሞት ነገር ማየት አልፈልግም፤ ባሌን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

ዋልዴማር በጫማ ክሩ ላይ የተንጠለጠለችውን መነጽር ያዘ። «ቅዳሜ ካልተነሣች» አለ፣ «ይህችን ከወደቡ ላይ ወደ ባሕር እወረውራታለሁ። ከዚያ በኋላ ቅጠል ያየሁ እንደሆነ ሰላጣ ልበላ ነው።»

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ እንደ ቅጠል ልሁን።

ዓርብ ከሰዓት ስለ ዋልዴማር ሽንፈት ለምጽፈው ጥቂት ዝርዝር ልልቀም ብዬ ወደ ባልዲው ሄድኩ። ዶኛ ኔሊዳ ሱቅ ወርደው ነበር። ተንበርክኬ፣ አፈሩ ይድረቅ ይርጠብ ልየው ብዬ እርሳሴን ወጋሁበት። እርሳሱ አልገባም። ደግሜ ወጋሁ፤ ጫፉ ተሰበረ። በጥፍሬ ብጭረው ላዩ ላይ አረንጓዴ ግራጫ የሆነ፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ቅርፊት አለ፤ ውፍረቱ አራት ጣት ይሆናል። ከሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ነው፤ ይሸታል። ቅርፊቱን አፍንጫዬ ጋ አቀረብኩት።

ማቴ ነው።

በእኛ ዘንድ የማቴ አተላ ቆሻሻ አይደለም። እናቴ አተላ ወደ ቅርጫት የጣለ ሰው ካየች ዳቦ እንደረገጠ ትቆጥረው ነበር። አተላ ለአፈር ነው፤ ለጽጌረዳ፣ ለሎሚ፣ ለማንኛውም። ቅል ገልብጦ መታ መታ ማድረግን የሚያይ ዓይን የለም፤ የራሱን ትንፋሽ የሚያይ ማን አለ? ያ የላመ ዱቄት ግን በጠባብ ባልዲ ላይ ሳምንት በሳምንት ሲነባበር አፈሩን ከደነው። ሥሯን አየር ከለከላት። ሲበሰብስም የልጅቷን ናይትሮጅን ቀድሟት በላው። ከዚያ በኋላ ያጠጧት ኩስና ጨው ሁሉ ታፍኖ ለተኛ ሰው እንጀራ እንደማቅረብ ነው። ምግብ አልጎደላትም። መተንፈሻ ነው የጎደላት።

በየሳምንቱ እየመጣ፣ በየሳምንቱ እየፈረደ፣ በየሳምንቱ ቅሉን የሚገለብጠው ደግሞ ማን ነው?

ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ አልመሰለኝም። ሠላሳ ዓመት ያልጻፍኩትን ወረቀት በሃያ ደቂቃ ጻፍኩ። ርዕሱ «ነፍሰ ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ይላል። ስድስት መስመር ብቻ፤ እንደ ድሮው። አርባ ቅጂ አስባዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ ጓሮው ሞልቶ ነበር። ዶኛ ኔሊዳ ባልዲው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ዋልዴማር ቆሟል፤ ፔርሙዙ በብብቱ፣ ቅሉ በእጁ።

«ዶን ዋልዴማር» አልኩ፣ ድምፄን አስተካክዬ። «ሁልጊዜ አንተ ትጠይቀናለህ። ዛሬ እኔ ልጠይቅህ። ከታች ነው ወይስ ከላይ የጀመረው?»

«መጀመሪያ ከታች ነበር። በኋላ ከላይ።»

«ቅጠሉን አይደለም ያልኩህ። አፈሩን ዳስሰው።»

ጣቱን ወጋ። ጣቱ ተመለሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቅሉን ለኦሬስቴስ ሰጥቶ ተንበረከከና ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ እንደ ዳቦ ቁራሽ የሚያህል ቅርፊት ፈነቀለ።

«ወረቀት ስጡኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስሜ ነው። እጄ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ልበትናቸው ተዘጋጅቼ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከላይ ያሉትን አወጣሁና ሰጠሁት። ማንበቡን አላየሁም። ገልብጦ፣ ጽሑፉን ወደ መሬት አድርጎ ማንጠፉን ግን አይቻለሁ።

ቅርፊቱን ነጩ ወረቀት ላይ ፈረፈረው። አሸተተው። መነጽሩን አምጥቶ አፍንጫው አፈር እስኪነካ ድረስ ጎነበሰ። ያን ጊዜ በሁለት ጥፍሩ አንድ ነገር አነሣ። ቀጭን፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ስባሪ የምታህል እንጨት። ቀጥሎ ሌላ አነሣ። ቀጥሎ ሦስተኛ።

ቀና ብሎ አየኝ።

አምስት ሳምንት ሙሉ «አይዞሽ፣ ልጅቷ» እያልኩ የቆምኩት እዚህ ባልዲ ላይ ነው። ቅሌን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም። ማስታወስ አያሻም፤ ሁላችንም የምናደርገውን ነው ያደረግኩት። ቅርፊቱ በአንድ ሰው ቅል አልሞላም፤ ጎዳናው ሁሉ ተዋጥቶ የሠራው ነው። ፊርማውን የተወው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ዋልዴማር መዳፉን ጨበጠ። እንጨቶቹ ውስጥ ገቡ።

«ማቴ ነው» አለ ለሁሉም። «ታፍና ነው እንጂ ተርባ አይደለም። ዓይን እያለኝ አላየሁም።»

«የማን ማቴ?» አለ ኦሬስቴስ።

«የእኔ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም የእኔ ነው። ዶኛ ኔሊዳ፣ አምስት ሳምንት እኔ ነኝ ስገድልብዎት የከረምኩት። መነጽሯን አሁን እወረውራታለሁ።»

ዶኛ ኔሊዳ ግን «መጀመሪያ ማንኪያ አምጣ» አሉት። «ባሕሩ የትም አይሄድም።»

ከዚህ መስመር ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። የምትስቁ ሳቁ።

ዶን ዋልዴማር ያን ከሰዓት በሾርባ ማንኪያ ቅርፊቱን ሲያነሡ ዋሉ፤ ሥር እንዳይነኩ፣ የሕፃን ራስ እንደሚላጭ ሰው። የተነሣውን ሁሉ በእኔ ወረቀቶች ላይ ቆለሉት። ሠላሳ ዘጠኙ አልበቁ ብሎ አርባኛውንም ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ከላይ አዲስ፣ ፈካ ያለ አፈር ጨመሩ። «አሥር ቀን ምንም። ማዳበሪያ የለ፣ ጨው የለ፣ ሚስማር የለ። ሲደርቅ ብቻ ውሃ» አሉ። ዶኛ ኔሊዳ ደግሞ ከአሮጌ የካርኒቫል ካባ ላይ ወርቃማ ጨርቅ ቀድደው፣ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «እዚህ ቅል አይገለበጥም» ብለው ጠልፈው ባልዲው ላይ አሰሩ። ጥልፉ ጠማማ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጥልፍ በዚህ ኮረብታ ላይ የለም።

ቀጥሎ ያየነውን ለልጅ ልጅ እንነግራለን። ዶን ዋልዴማር አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ ሲመጡ ፔርሙዛቸውንና ቅላቸውን በሩ ላይ፣ ከውጭ፣ አስቀምጠው ይገቡ ነበር። ያለ ፔርሙዝ ያያቸው ሰው አልነበረምና መጀመሪያ ቀን ኦሬስቴስ አምቡላንስ ልጥራ ብሎ ነበር። ክንዳቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዳንዴ በብብታቸው ምንም ሳይኖር ጨብጠው ይቆማሉ።

«ቢጫው ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም» ይሏቸው ነበር ዶኛ ኔሊዳን። «የሞተውን አይዩ። የሚወጣውን ይዩ።»

በዘጠነኛው ቀን ከአናቷ አዲስ ቅጠል ወጣ። አረንጓዴ፤ አረንጓዴ ብቻ። ሊቀ ቅጠል መነጽሩን አላወጡም። ባዶ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው «ነፋሱ» አሉ። ነፋስ አልነበረም።

በሚያዝያ መጨረሻ የተቆረጠው አበባ ሲደርቅ አንድ ተኩል የማርማላታ ጠርሙስ ሆነ። ትንሽ ነው። ዶኛ ኔሊዳ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩትና «ለእኔና ለመርፌዬ ይበቃል» አሉ። አሁን ነሐሴ ነው። ይህን የምጽፈው በመስኮት አጠገብ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ዳገቱን ይወጣል፣ ከሦስተኛው ቤት የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ትናንት ገብቼ ነበር፤ ስምንት ልብስ ተሰቅሏል። ዘጠነኛው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከዚያ ከአሮጌው ወርቃማ ካባ የሚሠራ፣ ለባልዲው በተቀደደበት ቦታ ብቻ ጨርቅ የጎደለው። አሥራ ሰባቱን የሚሞላ ሌላ ሰፈር ካለ ይምጣና ይወዳደረን።

ዶን ዋልዴማር ስለ እንጨቶቹ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ትናንት በአጥሬ በኩል ሲያልፉ ሎሚዬን አይተው ቆሙ።

«ከታች ነው ከላይ የጀመረው?»

«ደኅና ዋሉ፣ ዶን ዋልዴማር።»

«ደኅናውን ተወው፣ ወረቀቱ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ሎሚው ሥር ያለውን አፈር አዩ፤ በላዩ ላይ እንጨት እንጨት ያለውን አፈር። ፔርሙዛቸውን በብብታቸው አስተካክለው ዳገቱን ወጡ፤ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ፣ የሰፈሩ ትልቁ እግር።

እንግዲህ ይታወቅ። እንጨቱ የእኔ ነበር። አርባው ወረቀት ከአተላው ጋር ስለበሰበሰ በምትኩ ይህችን ጻፍኩ።

አንተ ግን፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በእሳቸው እየሳቅክ እዚህ የደረስክ አንባቢ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ቅልህን አስቀምጥ። ባለፈው ወር «አይዞሽ» ልትላት የሄድክላትን የጎረቤትህን በር አንኳኳ፣ ባልዲዋን ፈልግ፣ አፈሩን በጣትህ ጫር አድርገው። ያገኘኸውን አገላብጠህ ስታየው፣ ከኋላህ የቆመው ሰው ደግሞ «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ እባክህ፣ «የእኔ» በል።